ነፋሱ የተመለሰ ዕለት

የዘመቻው ትእዛዝ የደረሰን አዘዞ ሰፈር ሳለን፣ በጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። «ኮሪያ ትዘምታላችሁ» ተባልን። ኮሪያ በየት በኩል እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። አጠገቤ የቆመው አያ ጎሹ በሹክሹክታ፣ «ከጃናሞራ የባሰ ይበርዳል?» አለኝ። «ደርሰን እናየዋለን» አልኩት። አለቃችን ሰምቶን ኖሮ ሁለታችንንም ውሃ ሲያስቀዳን ዋለ።

አያ የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው። ሁለታችንም የጃናሞራ፣ የመካነ ብርሃን ልጆች ነን። የእናቱ ቤትና የእናቴ ቤት ሸለቆውን መሐል አድርገው ፊት ለፊት ይተያያሉ። በአንድ ቀን ተቀጠርን፣ በአንድ መርከብ ተሻገርን።

እናንተ የልጅ ልጆቼ አራዳ እኔ ቤት በመጣችሁ ቁጥር «ስንት ጠላት ገደልህ?» ትሉኛላችሁ። ምነው ሌላ ጥያቄ የላችሁም? ስለ ተኩሱ እኔ ባልናገር የሚናገር አይጠፋም። እኔ የማወራችሁ አንዲት ጥይት ስላልተተኮሰችበት ቀን ነው።

ግንባር ላይ ከርመን ለእረፍት ወደ ኋላ ተመለስን። በደቡብ በኩል፣ ባሕር ዳርቻ ያለ የስንቅ መጋዘን እንድንጠብቅ ታዘዝን። ድንኳናችንን ከኮረብታው ላይ ተከልን። መጋዘኑ ከታች ከባሕሩ ጥግ ነው፤ ከጎኑ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። «ዕረፍት ነው» ብንባልም መቶ አለቃው ምሽግ አስቆፈረን። በሆዳችን ረገምነው። ኋላ ግን መረቅነው።

እውነቴን ነው፣ ያ ኮረብታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ያወቁት ግን አይለቅም። ማታ ማታ ከቤት ይዘነው የመጣነውን ድርቆሽ በርበሬ ነስንሰን እንቆረጥማለን። ጎሹ ያንጎራጉራል። አስተርጓሚያችን ኪም የሚባል ቀጭን ኮሪያዊ ነበር፤ ከመቶ አለቃው ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራል፤ ከእኛ የለመዳት ቃል አንዲት «ሸጋ» ብቻ ናት። ምግቡም ሸጋ፣ ቀኑም ሸጋ፣ የጎሹም ድምፅ ሸጋ። በርበሬውን ቀምሶ ዓይኑ እንባ እያፈሰሰ እንኳ «ሸጋ!» ይል ነበር። እንዴት አይናፍቀኝ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ነፋስ ሳይኖር ማበጥ ጀመረ። ማዕበሉ ረጃጅም ነው፤ ዝግ ብሎ እየመጣ ዳርቻውን ይደቃዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ እንደ መዳብ ቀላ። ወፎቹ ጠፉ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን እየጎተቱ አወጡና ከዛፍ ጋር አሰሩት።

ጎሹ አይቶ ሳቀ። «ምነው፣ ጀልባ እንደ ፈረስ ይታሰራል እንዴ?»

ኪም አልሳቀም። «ታይፉን» አለን። በእጁ እየከበበ አሳየን፤ መቶ አለቃው ከአፉ እየተቀበለ፣ «ትልቅ ነፋስ ይመጣል ይላል» ሲል ተረጎመልን።

«እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ነፋስ ነው ያሳደገን» አለ ጎሹ። ሁላችንም ሳቅን።

ሲነጋ መጣ። ዝናቡ ከላይ አይወርድም፣ ከጎን ይገርፋል። ድንኳኖቹ ገና በጠዋቱ ተቀደው ሄዱ። ምሽግ ገባን። የመንደሩ ቆርቆሮ በላያችን እያፏጨ ያልፋል፤ አንገቱን ቀና ያደረገ ያጣዋል። ዛፍ ከነሥሩ ሲነቀል በዓይኔ አየሁ። እርስ በርስ መደማመጥ አቃተን። ከመድፍ ድብደባ ይከፋል፤ መድፍ እንኳ አጉራሹ ሲደክም ፋታ ይሰጣል። አጠገቤ ያለው ሁሉ የየታቦቱን ስም ይጠራል። እኔም እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ቀትር ላይ በድንገት ጸጥ አለ። ፀሐይ ወጣች። ሰማዩ ከላያችን ጥርት ብሎ ታየ።

እንግዲህ በእኛ አገር በረዶ ከወረደ ይወርዳል፣ ካባራ ግን አባራ ነው። ሲያባራ ደግሞ ደንብ አለን። ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣና ከጋራ ጋራ ይጠራራል። «የነ እገሌ ቤት! አላችሁ ወይ?» ይላል አንዱ። «አለን!» ይመለስለታል። ያልመለሰ ቤት ካለ ቅርብ ያለው ሰው ሮጦ ያያል። ሁሉም ሳይመልስ ማንም ተመልሶ አይገባም።

ከመካከላችን ግማሹ የእኛው አገር ሰው ነበር። ማንም ሳያዘን ከምሽግ ወጥተን መጠራራት ጀመርን። «የነ አሥር አለቃ ምሽግ! አላችሁ ወይ?» «አለን!» መቶ አለቃው የሌላ ጠቅላይ ግዛት ሰው ነው፤ ቆሞ ፈገግ ብሎ አየን። እሱም ያለፈ መስሎታል። ሁሉም መለሰ። ከታች መጋዘኑ ዘንድ ያሉት ሦስት ዘቦች ብቻ አልመለሱም።

ጎሹ ካፖርቱን አውልቆ ወረወረልኝ። «እኔ ቅርብ ነኝ» አለና ቁልቁለቱን ወረደ። ጎን ለጎን ቆመን እኮ ነው!

ያኔ ኪም ከጀርባችን እየሮጠ መጣ። «ሸጋ አይደለም! ሸጋ አይደለም!» እያለ ወደ ባሕሩ ይጠቁማል። መቶ አለቃውን ይዞ በእንግሊዝኛ አጣደፈው። መቶ አለቃው ፊቱ ተለወጠ። «የአውሎ ነፋሱ መሐል ላይ ነን! ነፋሱ በሌላ በኩል ይመለሳል! ሁላችሁም ግቡ!» አለ። ወደ ባሕሩ ዞር ስንል እንደ ግድግዳ የቆመ ጥቁር ደመና እየቀረበ ነው።

«ጎሹ! ተመለስ!» ብለን ጮኽን።

ጎሹ ከመጋዘኑ በር ላይ ብቅ አለ። «አሉ! ሦስቱም አሉ!» ሲል መለሰልን። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ሁለቱን እየገፋ ወደ እኛ ሰደዳቸው። «የጠዳው ልጅ ታደሰ እግሩን ግንድ ይዞታል! አውጥቼው እመጣለሁ!»

መቶ አለቃውና እኔ ገመድ ይዘን ወረድን። ሁለቱን መንገድ ላይ አገኘናቸው። እጃቸውን እንደያዝን ነፋሱ ደረሰ፤ አራታችንንም አንስቶ ከመሬት ጣለን። በደረታችን እየተሳብን ተመለስን። ባሕሩ ከዳርቻው ተነሥቶ መጋዘኑ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ውሃ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መቶ አለቃው ስም ጠራ። ጎሹ ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ ታደሰም ዘንድ ቆመ። ሁለቱን ከግንዱ ሥር አገኘናቸው። ጎሹ ታደሰን ከብብቱ ሥር አቅፎ እንደያዘው ነበር። ከመንደሩ የሞተውን ማንም በትክክል የቆጠረው የለም። የተረፉት ዓሣ አጥማጆች የራሳቸውን ሬሳ ቀብረው ሲያበቁ አካፋቸውን ይዘው መጡና ከእኛ ጋር ቆፈሩ። ኪም ጉድጓዱ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ቀረ። ካፖርቱን እኔ ይዤው ነበር፤ አለበስኩት።

ከዘመቻ ስመለስ ለልቅሶ ወደ እናቱ ወደ እማማ የሺ ቤት ሄድኩ። መርዶው ቀድሞኝ ደርሷል። ክረምት ነበር። ገና ተቀምጠን ሳለ በረዶ ወረደና ጣሪያውን ደበደበው። ሲያባራ ከማዶ፣ ከእናቴ ቤት በኩል፣ «የነ እማማ የሺ ቤት! አላችሁ ወይ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሁልጊዜ የሚመልሰው ጎሹ ነበር። አንገታችንን ደፋን።

እማማ የሺ ተነሡ። በሩ ላይ ቆመው፣ «አለን!» አሉ። ተመልሰው ተቀመጡና ዓይኔን አዩኝ።

«ልጄን በመጨረሻ ጠራችሁት?»

«ጠራነው፣ እማማ።»

«መለሰ?»

«መለሰ። ‹አሉ፣ ሦስቱም አሉ› አለን።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «እንግዲያ ደንቡን አድርሷል» አሉ። አለቀስኩ፤ አሁንም ስነግራችሁ አልቻልኩም።

ያን ዕለት ከእኛ የሞቱት ሁለት ናቸው። የዳኑትም ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አዘዞ ወልዶ ከብዷል። እኔም ይኸው አርጅቻለሁ። ዝናብ ሲያባራ ግቢው መሐል ቆሜ «አላችሁ ወይ?» ብዬ ስጣራ ትስቁብኛላችሁ፤ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለኝም። እየሳቃችሁም ቢሆን ግን መልሱልኝ።