አያቴ የተነሱላት ሴት

የጣሊያን ወታደሮች ኮልፌ ወዳለው ቤታችን የገቡት ልጄን እያጠባሁ ሳለ ነው። የሚፈልጉት ዱር የገባውን አጎቴን ነበር። እሱን ሲያጡ እናቱን፣ ማለትም አያቴን ያዙ፤ እኔንም ጨመሩ። ጨቅላዬን ለጎረቤት ሰጥቼ ወጣሁ። አያቴ ግን ነጠላዬን ሳላስተካክል ደጅ አልወጣም ብለው ወታደሮቹን አስጠበቋቸው።

እስር ቤታችን የዱቄት መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ቀን ቀን ይፋጃል፤ መሬቱ ላይ የቀረው ዱቄት ከላባችን ጋር እየተለወሰ እግራችን ላይ ይደርቃል። ከእኛ ጋር ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። አያቴ ገና እንደገቡ ማን የት እንደሚተኛ፣ ውሃው ለማን እንደሚቀድም ደልድለው ጨረሱ። ቆጮ ሲሸጡ ገበያውን የሚያንቀጠቅጡ ሴት ስለነበሩ እስር ቤቱም ገበያ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ችግሩ አንድ ነበር። የእስር ቤቱ አዛዥ ሲገባ ሁሉም ከተቀመጠበት ተነስቶ እንዲቀበለው ታዟል። ሁላችንም እንነሳለን፣ አያቴ አይነሱም። መጀመሪያ ጉልበቴን ያመኛል አሉ፤ ኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተዉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዛዡ ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ አያቴ ፊት ቆመ። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነው፤ ሲናገር ወደ መሬት ያያል።

«እማማ፣ ነገ ሲመጣ ከተነሱለት የልጅ ልጅዎ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ካልተነሱ ሁለታችሁንም ሩቅ አገር ይልካችኋል።»

ጡቴ አብጦ ቀሚሴ በወተት ርሷል። በሩ ሲዘጋ አያቴ እግር ላይ ወደቅኩ።

«እማማ፣ ለልጄ ሲሉ ይነሱ።»

«ወተቱን እያለብሽ አፍስሺው፣ አለዚያ ይደርቅብሻል። ልጅሽ ይፈልገዋል» አሉኝ።

ይነሱ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። በጣም ተናደድኩባቸው። ግድግዳው ጥግ ሄጄ ያሉኝን እያደረግሁ አለቀስኩ፤ የልጄ ምግብ መሬት ላይ ሲፈስ ማየት አንጀት ይቆርጣል።

በማግስቱ በሩ ተከፈተ። ሌሎቻችን ብድግ አልን። አያቴ እንደተቀመጡ ናቸው። ከአዛዡ በፊት ግን አንዲት የማናውቃት ሴት ተገፍትራ ገባች። ፊቷ አብጧል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ወገቧን ማቅናት አቅቷታል።

አያቴ ግድግዳውን በእጃቸው ይዘው፣ እያቃሰቱ ተነሱ።

«ኖር» አሏት፣ ቤታቸው የተከበረ እንግዳ ሲገባ እንደሚሉት።

«በእግዜር፣ ኧረ ይቀመጡ» አለች ሴትዮዋ። ድምፅዋ ባይወጣም መልሱን አልረሳችውም።

አያቴ እጇን ይዘው የራሳቸው ቦታ ላይ አስቀመጧት። ከኋላዋ የቆመው አዛዥ ፊቱ በራ። ወደ አስተርጓሚው ዞሮ የሆነ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚው አያቴን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ከዚያ በጣሊያንኛ አጭር መልስ ሰጠው። አዛዡ እየሳቀ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ለሱ የተነሱ መስሎታል፣ እኔም አዎ ብዬዋለሁ። ቶሎ ውጪ» አለኝ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አያቴ ነጠላቸውን ለሴትዮዋ አልብሰው ውሃ እያጠጧት ነበር።

«ሂጂ፣ አጥቢ» አሉኝ፤ ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም።

እሳቸው ከእስር የወጡት ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ነው። አጎቴም በሕይወት ተመለሰ። ያን ልጄን ድረው፣ የእሱንም ልጆች አቅፈው፣ ጠግበው ኖረው አልጋቸው ላይ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት፣ ደህና በነበሩበት አንድ ቀን፣ ስፈራው የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ያቺ ሴት ባትገባ ኖሮ ለልጄ ሲሉ ይነሱ ነበር?»

«እነሳ ነበር እንጂ። ልነሳለት ቆርጬ ነው ያደርኩት። እሷ ቀደመችው።»

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ለጣሊያን አልነሳም ማለታቸውን እያነሳ ሲያሞግሳቸው ዋለ። እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅኩ። ዛሬ በእሳቸው ዕድሜ ሆኜ ሳስበው ግን ሆዴን የሚያባባኝ ሌላ ነው፤ እኔ ጥግ ላይ እያለቀስኩ ስቀየማቸው እሳቸው ሊነሱልኝ ወስነው ነበር።