እታለም እጇን ያወጣችለት እንደራሴ

እታለም ሃያ ስድስት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርታለች። የሽመናው ክፍል ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር፣ እዚያ ሰው የሚነጋገረው በከንፈር እንቅስቃሴ ነው። ሐሜቱም ቀልዱም ያለ ድምፅ ከማሽን ማሽን ይሻገራል። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችውን ታናሽ ወንድሟንም እዚያው አስቀጥራ ይህንኑ የከንፈር ንግግር አስተማረችው።

አንጀቷ ነበር። አድጎ የሥራ ማቆም መሪ ሆነ። «ፓርላማ የከበርቴ ሳሎን ነው፤ የገባውን ሁሉ ሶፋው ይውጠዋል!» እያለ የፋብሪካው በር ላይ ሲጮህ፣ ድምፁ እንደ ዜማ ሆድ ያባባል። አምና ግን «ከውስጥ ሆነን እናፈርሰዋለን» ብሎ ለፓርላማ ለመወዳደር የሠራተኛውን ድምፅ ጠየቀ። ሠራተኛው እኩል ለሁለት ተከፈለ። እታለም እያለቀሰች እጇን አወጣችለት፤ በአንድ እጅ አለፈ፤ ተመረጠም።

ዘንድሮ የሥራ ሰዓትን በቀን ወደ አሥራ ሁለት የሚያራዝም ሕግ ቀረበ። ሠራተኛው አድማ መታ፤ ፋብሪካው ቆመ። በአራተኛው ቀን እንደራሴው «ማሽኑን አስነሱ፤ ሌላውን ለእኔ ተዉት» ብሎ ላከ።

«ሂጂና ዓይኑን እይልን» አላት ሽማግሌው መካኒክ።

ከፓርላማው የተመልካቾች ሰገነት፣ ከወፍራም መስታወት ኋላ ተቀመጠች። ታች ወንድሟ እንደሱው እንደራሴ ወደሆነው የፋብሪካው ባለቤት ጠጋ ብሎ ይስቃል። ማንም አይሰማኝም ብሎ ተማምኗል፤ ማን እንዳሳደገው ረስቷል። ከንፈሩን አነበበችው፦

«ማሽኑ አንዴ ይነሳ እንጂ ደግመው አያቆሙትም። እኔ ለወጉ እቃወማለሁ፤ ሕጉ ያልፋል።»

ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ደስ አለው። «እታለም! ምነው ሳትነግሪኝ?»

ያለውን ቃል በቃል መለሰችለት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እዚህ ቤት ካልሰጠሽ አታገኚም» አለ።

«ስጣ! የራስህን ስጥ። የኛን ወገብ ማን ፈቀደልህ?»

«አንቺ አይደለሽ የላክሽኝ?»

«እኔ ነኝ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!»

ወይ ያቺ እጅ! ስንቱን የተበጠሰ ክር ቀጥላ፣ ይህን መቀጠል አቃታት።

ስትመለስ የፋብሪካው በር ላይ መካኒኩ ከሠራተኞቹ ጋር ጠበቃት። «እህስ? እናስነሳ?»

«እንደቆመ ይቆይ።»

«ታዲያ እዚያ ውስጥ ማን አለን?»

«ማንም።»

አንዲት ሸማኔ «ይሄ ሆዳም! ይሄ ከሃዲ!» ብላ ጀመረች።

«አንቺ ዝም በይ» አለች እታለም፣ እንባዋ እየወረደ። «እሱን መራገም የኔ ድርሻ ነው።»