ካልተፋቀ የማይናገር ድንጋይ

ስለ አቶ ደሳለኝ የማውቀው ከሦስት ቦታ የተለቀመ ነው፤ በልጅነቴ ካየሁትና ከሰማሁት፣ እናቴ በስተርጅናዋ ከነገረችኝ፣ እንዲሁም ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ግራጫ ድንጋይ። የመጀመሪያውን በሙሉ አላምነውም፤ ይህን ያህል ዘመን የቆየ ትዝታ ራሱን ሲያስተካክል ይኖራል። እናቴም ብትሆን አባቴን ትወድ ነበር። ሰሞኑን ጎረቤቴ አጥሩን ሲያስቀባ የእርጥብ ኖራ ሽታ በመስኮት ባይገባ ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ።

አቶ ደሳለኝ አቃቂ በነበረ አንድ የኖራ ፋብሪካ የድንጋይ መርማሪ፣ ለእኛም የግድግዳ ጎረቤት ነበሩ። ድንጋዩ በባቡር ከምሥራቅ ይመጣል። እሳቸው ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው ፉርጎው አጠገብ ይቆሙና ከትንሽ ጠርሙስ አሲድ ጠብ ያደርጉበታል። ኖራ ድንጋይ ከሆነ ወዲያው ይንፈቀፈቃል። ዶሎማይት የሚባለው ዘመዱ ከሆነ ግን ዝም ይላል፤ በምስማር ፍቀው ዱቄቱ ላይ ሲያንጠባጥቡ ብቻ በቀስታ ይተነፍሳል።

እሑድ እሑድ በረንዳችን ላይ ይቀመጡ ነበር።

«የአቃቂ ጥቁር ድንጋይ የእሳት ልጅ ነው» ይሉኛል። «ይሄ ዶሎማይት ግን የባሕር ነው። ከጉልበት የማያልፍ፣ ሞቃት ባሕር። ፀሐይ ውኃውን ስትመጠው የቀረው ጨው የበዛበት ውኃ ወደ ጭቃው እየሰረገ ማግኒዚየም አስገባበት።»

«ማን አየ?» ይላል አባቴ፤ የፋብሪካው ጸሐፊ ነበር።

«ድንጋዩ አይቷል። እሱም እንዳንተ ነው፤ ካልፋቁት አይናገርም።»

አባቴ እስኪያስለው ይስቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህንኑ ስማር፣ ስለ ባሕሩ ብዙም እንዳልተሳሳቱ ተረዳሁ።

አንድ ክረምት ከአዲስ የድንጋይ ማውጫ ካባ ድንጋይ መጣ። አቶ ደሳለኝ ዶሎማይት መሆኑን፣ እንደ ኖራ ድንጋይ አጥብቀው ካቃጠሉት ገሚሱ ውኃ የሚጠጣው ዘግይቶ፣ ግድግዳ ላይ ከተለሰነ በኋላ እንደሆነ፣ ልስኑም አብጦ እንደሚረግፍ አባቴ ባለበት ለምድጃው ኃላፊ ተናገሩ። ኃላፊው አሲዱን ጠንካራው ፊት ላይ ሳይሆን የተፋቀው ዱቄት ላይ ጠብ አድርጎ፣ በቀስታ ሲንፈቀፈቅ ዐይቶ፣ «ኖራ ነው፤ ይቃጠል» አለ። በዚያ እሑድ አባቴ «ደግ ነገርከው፤ ሰምቻለሁ» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን አንድ ነገር አልጠራጠረውም።

በተከታዩ ዓመት ልስኑ ከአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ረገፈ። ኃላፊው ማንም አላስጠነቀቀኝም አለ። አቶ ደሳለኝ አባቴን ምስክር ቆጠሩ። አባቴ «አላስታውስም» አለ። የምንኖርበት ቤት የፋብሪካው ነበር፤ ልጆቹም አምስት ነበርን። እናቴ ይህን ስትነግረኝ በዚህ የተዘጋ ነገር አድርጋ ነው። የአቶ ደሳለኝም ቤት የፋብሪካው ነበር፤ ከሥራ በተባረሩ በሳምንቱ ለቀቁ።

ዕቃቸው ጋሪ ላይ ሲጫን ይህን ግራጫ ድንጋይ እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ለአባትህ ስጥልኝ።»

ሌላ አልጨመሩም። ድንጋዩ ላይ አንድ የምስማር ጭረት ነበር። አባቴ ተቀብሎኝ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ሲያነሣ አልሰማሁም። እኔም የሰማሁትን እያወቅሁ እስኪሞት ድረስ አልጠየቅሁትም።

ከቀብሩ በኋላ መሳቢያውን ስከፍት ጭረቶቹ ሁለት ሆነው አገኘኋቸው፤ ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ነው። ምናልባት ከመጀመሪያውም ሁለት ነበሩ፤ ልጅ ሁሉን አያይም። ምናልባት ደግሞ አባቴ አንድ ቀን ብቻውን ተቀምጦ ምስማር አንሥቶ ፍቆታል። አላረጋገጥሁም።