ለራሴ የለካሁት የቡና አክሊል

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ውድድር የፕላስቲክ ዋንጫ ይዞ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ጓደኛው በር ላይ ቆሞ ዋንጫው ላይ ዓይኑን ተክሏል። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ አይቻለሁ፤ ያየሁት ግን ዋንጫ ሳይሆን ቅጠል ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጅማ አሥረኛ ክፍል እማራለሁ። በዚያ ዓመት ለስፖርት ቀን ሽልማት መግዣ ጠፋ፤ የነበረው ሁሉ ለእናት አገር ጥሪ ሄዷል። የታሪክ መምህራችን ጋሽ ታዬ ግን ጭራሽ ደስ አላቸው።

"የጥንት ግሪኮች ለሯጭ ወርቅ አይሰጡም ነበር" አሉን። "አንዱ ቦታ የወይራ፣ ሌላው ቦታ የጥድ ቅጠል ጎንጉነው አናቱ ላይ ይደፉለታል። ያ ሁሉ ሩጫ ለእሷ ነው። እኛ ደግሞ ቡና አለን!"

ስፌት ስለምችል መጎንጎኑ ለእኔ ተሰጠ። ቅርንጫፉን የምታመጣው ዘሃራ ሆነች። ዘሃራ የየቡ ልጅ ናት፤ የቡ ከጅማ ወጣ ያለች የገጠር ከተማ ናት። እሷ ግን ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች፣ አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን። ወሩ ኅዳር ነው፣ ቡናው ቀልቷል። የየቡን መንገድ አቧራ ለብሳ መጣች፤ በአንድ እጇ የተቀቀለ ጎደሬ፣ በሌላው ቀይ ፍሬ የያዙ ቅርንጫፎች። ፍሬ የያዘ ቡና መቁረጥ ገበሬን እንዴት እንደሚያመው የአገሩ ሰው ያውቃል። አባቷ ግን በገዛ እጃቸው ቆርጠው ሰጥተዋታል። ጎደሬውን አብረን በላን።

በሩጫ የሚቀድመኝ አልነበረም። ስለዚህ ጉንጉኑን መስታወት ፊት ቆሜ በራሴ ለካሁትና ኋላውን በቃጫ አሰርኩት። ሌላ ማን ሊያደርገው?

የስፖርት ቀን ደርሶ ስንሮጥ፣ በመጨረሻው ዙር የዘሃራ ኮንጎ ጫማ ጧ ጧ እያለ ከኋላዬ መጣ፤ አጠገቤ ደረሰ፤ ከዚያ ፊቴ ሆነ። ቀናሁ። ያጨበጨበላት ሰው ሁሉ ከእኔ ቀምቶ የሰጣት መሰለኝ።

ጋሽ ታዬ አክሊሉን ሊደፉላት ቢሞክሩ እምቢ አለ። ሹሩባዋ ወፍራም ነው፣ በላዩም ሻሽ አስራለች። ተማሪው ሳቀ።

"ነይ እስቲ፣ ትንሽ አላልተሽ እሰሪው" አሉኝ ጋሽ ታዬ።

"ከተፈታ ይበታተናል፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ውሸቴን ነው። ቃጫውን ላላ ባደርገው ይበቃ ነበር።

አባቷ ይህን ሊያዩ ከየቡ ድረስ መጥተው ጥግ ላይ ቆመዋል። "ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደል ልጄ" አሏት። "በእጅሽ ያዢው። አልሀምዱሊላህ።"

በእጇ ያዘችው። ከሜዳው ስንወጣ ግን ድንገት እኔ ራስ ላይ ደፋችው። ልክክ አለ።

"አየሽ፣ ላንቺ ልክ ነው" አለችኝ። ፊቷ ላይ ሳቅም ቁጣም አልነበረም።

ማውለቅ ነበረብኝ። አላወለቅኩም። እንደደፋሁት እስከ መንደራ ቆጪ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት "እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ጎበዝ!" አለችኝ። "እንኳን አብሮ ደስ ያለን" ብዬ መለስኩ። ዘሃራ አጠገቤ ናት፣ አባቷ ከኋላችን ናቸው። ሰኞ ክፍል ስገባ ዘሃራ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀምጣለች።

ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ታሪኩን ለሰው ስነግር የምጨርሰው "አፈርኩ" ብዬ ነው፤ እውነትም አፍራለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ እፍረቱ አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እያቃተው፣ ያንን የመጨረሻ ዙር በልቤ ደጋግሜ እሮጠዋለሁ፤ ዘሃራንም ሁልጊዜ እቀድማታለሁ።