የፎርሙ ስህተትና የእኔ ስህተት

መምህር ይርጋ አርፈዋል። ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት፤ አሁንም የሌላ ሰው መርዶ ይመስለኛል። ሐሙስ ጠዋት እሳቸው የሚያስተምሩበት ኮሌጅ ጸሐፊ ደውላ ስትነግረኝ «የትኛው ይርጋ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሌላ መምህር ይርጋ እንደማላውቅ ግን አውቃለሁ። ክፍል ሊገቡ ደረጃ ሲወጡ ወደቁ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ ሕይወታቸው አለፈ። ማክሰኞ ዕለት ዌስትላንድስ ሠፈር ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስጠብቅ አግኝቻቸው ነበር። የፈተና ወረቀት በብብታቸው ሸጉጠው «አንቺ፣ ተማሪዎችሽ እስካሁን አላባረሩሽም?» ብለው ሳቁብኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ይህ እንዴት እንደሚሆን አልገባኝም።

የምታውቋቸው ሁሉ የየራሳችሁ ትዝታ አላችሁ። እኔ አንዱን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ኬንያ መጥቼ ፓርክላንድስ ያለው ኮሌጅ ስመዘገብ፣ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ጠየቀኝ። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ይሆናል ብዬ የአያቴን ስም፣ ገብረእግዚአብሔርን፣ ጻፍኩ። ኬንያዊቷ የእንግሊዝኛ መምህራችን ስም ሲጠሩ «ገብሬ... ገብሬዚ...» ይሉና መሃል ላይ ይተዉታል። አቤት የሚል የለም። እኔም ገብሬ የሚባል ያገሬ ልጅ ተመዝግቦ የቀረ መስሎኝ ከልቤ አዘንኩለት።

በሦስተኛው ሳምንት የስም ዝርዝሩ በእጄ ሲያልፍ፣ ገብሬ እኔ መሆኔን አወቅኩ። ያኔውኑ እጄን ማውጣት ነበረብኝ። አፈርኩ። «ነገ እናገራለሁ» እያልኩ አራት ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ ከክፍል በመቅረታቸው ፈተና የተከለከሉ ተማሪዎች ስም ተለጠፈ፤ የአያቴ ስም ከሁሉም በላይ ነበር። ፈተናው ካለፈኝ ዓመቱን እደግማለሁ፤ ለሌላ ዓመት የምከፍለው ስላልነበረኝ፣ ዓመት መድገም ለእኔ ትምህርቱን ትቶ ወደ አገር መመለስ ማለት ነበር።

መምህር ይርጋ የሒሳብ መምህራችን ነበሩ። ቢሯቸው ገብቼ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

«ስምሽን ሲጠሩ ዝም አልሽ?»

«የአያቴን ስም ነው የጠሩት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አያትሽ መጥተው አቤት እስኪሉ ትጠብቂ ነበር?»

በለቅሶዬ መሃል ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«ዛሬ» ልል ነበር። «በሦስተኛው ሳምንት» አልኩ።

«እንግዲያው ስህተቱ ሁለት ነው። አንዱ የፎርሙ፣ ሌላው ያንቺ። የፎርሙን እኔ አብሬሽ ሄጄ አስረዳለሁ። ያንቺን ግን አንቺው ትናገሪያለሽ።»

«ሁለተኛውን ባንነግራቸውስ?»

«ያኔ ከዚህ ሁሉ የተማርሽው ፎርም መሙላት ብቻ ይሆናል።»

ምሳቸውን ትተው አብረውኝ ወደ እንግሊዝኛ መምህርቷ ሄዱ። የእኛን የስም አወጣጥ በትዕግሥት አስረድተው ሲጨርሱ፣ ፈቀቅ ብለው ቆሙ። ተራው የእኔ መሆኑ ገባኝ። እያወቅኩ ዝም ያልኩባቸውን አራት ሳምንታት ተናገርኩ። መምህርቷ ተቆጡኝ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው በራሴና በአባቴ ስም ያስረከብኳቸውን ጽሑፎች አወጡ፤ «ለካ ዝርዝሬ ላይ ያጣኋት ልጅ አንቺ ነሽ!» አሉ። ፈተናውን ፈቀዱልኝ፤ የክፍል ተሳትፎ ነጥቤን ግን ከለከሉኝ። ስንወጣ መምህር ይርጋ «እሱስ ይገባሻል» አሉና ሳምቡሳ ጋበዙኝ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ተማሪ ሲመጣላቸው በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። «ቤት ውስጥ ማን ተብለህ እንደምትጠራ ሳላውቅ ሒሳብ አላስተምርህም» ይሉ ነበር።

መምህር ይርጋ፣ ሐሙስ ዕለት ስልኩን ዘግቼ ክፍል ገባሁ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ክፍልፋይ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ተሳሳትኩ። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ልክ አይደለም» ስትለኝ «ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩባት። አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ልክ እሷ ነበረች። መርዶዎን ሰበብ አላደርገውም። ሰኞ ጠዋት በክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሜ የምነግረው ለእርስዎ ነበርና፣ ዛሬም አስቀድሜ ለእርስዎ ነገርኩ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።