ልጄ ትስቃለች ወይ?

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ስንት ጊዜ ለኑዛዜ ቀርቤ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን ለፍልፌ ይህችን ዘልዬያት ወጥቻለሁ። ጥፋቴን የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። አሳምሬ አውቃለሁ፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

ወንድ ብለን ያሳደግናት የታላቅ እህቴ ልጅ እኔ ወዳለሁበት ስቶክሆልም መጥታ ጥቂት ዓመት እንደኖረች፣ ሴት መሆኗን ለእናቷ በደብዳቤ ጻፈች። ስሟም ራሄል ሆነ። የድሮውን ስም እዚህ አላነሳውም፤ የበደልኳት ይበቃታል። እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድ ትሁን ሴት ከማህፀኔ የወጣች ናት። ብቻ ልጄ ትስቃለች ወይ? ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ፤ አደራ!» አለችኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔ ደግሞ የቤተሰቡ ታማኝ ነበርኩ፤ ከስዊድን የመጣ ወሬ በእኔ አፍ ካልተነገረ አይታመንም።

ከምኖርበት ከሪንከቢ ሰፈር ተነስቼ እሷ እስካለችበት ኖርስቦሪ ድረስ በባቡር ሄድኩ። እንባዬን አዘጋጅቼ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ግን ጉንጯ ሞልቶ ፊቷ የፈካ ወጣት ናት። በልጅነቷ ካሜራ ስታይ አልጋ ሥር ትደበቅ የነበረችው ግድግዳውን በራሷ ፎቶ ሞልታዋለች። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ጓደኞቿ ሽንኩርት እየከተፉ ይሳሳቃሉ።

«አክስቴ፣ ዋና ቻልኩ እኮ! ቅዳሜ ቅዳሜ ሲምሃል እንሄዳለን» አለችኝ። ሸሚዟን ማውለቅ ሞት ይመስላት የነበረች ልጅ፣ መዋኛ ቤት! እንቅልፍ እንደሚወስዳት፣ ሥራ ቦታ በስሟ እንደሚጠሯት አወራችልኝ። ስሰናበታት እጄን ይዛ፣ «ለእማዬ ንገሪልኝ። እኔ ስነግራት ለማጽናናት የምዋሽ ይመስላታል፤ አንቺን ታምናለች» አለች።

ምን ወሰደችብኝ? ምንም። ደስታዋ ግን አናደደኝ። እኔ ሃያ ዓመት መጦሪያ ቤት ሽማግሌና አሮጊት ሳገላብጥ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስስም፣ አንድ ቀን እንደዚያ ከልቤ ስቄ አላውቅም። ለእሷ ማን ፈቀደላት? መከራዋን ብታሳየኝ አቅፌ አለቅስላት ነበር። ለመከራ ቸር ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ርካሽ ሰው ነኝ።

የስልክ ካርድ ፍቄ ለእህቴ ደወልኩ። አይቻታለሁ፣ አትስቅም አልኳት። ታማለች፣ ሐኪሞቹ ስልክም ደብዳቤም ከልክለዋታል አልኳት። ለራሄል ደግሞ፣ እናትሽ ድምፅሽን መስማት አልፈልግም ብላለች አልኳት። ሁለቱንም ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም፤ እኔ ነኝ።

ራሄል መደወልም መጻፍም ተወች። እህቴ ልጇ እስክትድን ጥቁር ላታወልቅ፣ ሠርግ ቤት ላትገባ ተሳለች። በየሳምንቱ ስደውልላት «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ያው ናት» እላታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ። ጥቁሩን ሳታወልቅ ሞተች።

ለቅሶው ሪንከቢ እኔ ቤት ሆነ። ራሄል ስትገባ የማኅበራችን ሴቶች፣ ሰው ሲያሙ የሚውሉት እነዚያ ጻድቃን፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ። ናቅኋቸው። ከእኔ የሚብስ ግን ማን ነበር? በመካከላቸው አልፋ መጣችና እግሬ ሥር ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመችኝ።

«አክስቴ፣ እማዬ እኔን ባትፈልገኝም አንቺ በየሳምንቱ እየደወልሽ አጽናንተሻታል። እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። «ትወድሽ ነበር» ማለት ምን ይከብዳል? ሴቶቹ ጆሯቸውን አቁመው ያዩኛል፤ ዋጥኩት።

«አሜን» አልኳት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ሞታለች። ሌላዋ ዛሬም በየበዓሉ እየደወለች ታመሰግነኛለች።