ገና ሳይደርስ የመረጥናቸው ልጆች

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ጎንደር ውስጥ ከእኔ የበለጠ አዋቂ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። አዲስ አበባ ወርጄ ሦስት ወር የስፖርት መምህርነት ተምሬ፣ አንድ ፊሽካ፣ አንድ ሩጫ መለኪያ ሰዓትና አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ይዤ ተመልሻለሁ። ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ፊሽካ የነፋ ሁሉ አለቃ የሚመስልበት ዘመን ነበር።

የተሰጠኝ ሥራ በገና ዕለት በአገረ ገዢው ፊት ለሚደረገው የገና ጨዋታ ዐሥራ ሁለት ወጣቶች መምረጥ ነበር። ጨዋታውን የማያውቅ የለም፤ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን፣ ትንሿን የእንጨት ኳስ፣ እየለጉ ከባላጋራ ወሰን ማሳለፍ ነው። የዚያ ዓመቱ ግን ከጨዋታ አለፈ። አዘዞ ካለው ጦር ሰፈር አንድ መቶ አለቃ መጥቶ፣ «ለሠራዊቱ ስፖርተኛ እፈልጋለሁ፤ እናንተ የመረጣችኋቸውን ሁሉ እቀጥራለሁ» አለን። ደመወዝ፣ ጫማ፣ ካፖርት። ይህ ለባለጠጋ ልጅ ጌጥ ነው፤ ለአሽከር ግን ከሰው ደጅ መውጫ ነው።

መራጮቹ ሦስት ነበርን። አንደኛው የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው። ይህ ሰው ሜዳውን ዞር ብሎ አያይም። ልጁን ያስጠራና «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል፤ በቃ፣ ፈተናው አለቀ። አባቱ ማዕረግ ያለው ከሆነ የልጁ እግር ወዲያው ይረዝማል፤ አባቱ ሸማኔ ከሆነ ልጁ ቆሞም ያነክስበታል።

ሁለተኛው በወጣትነታቸው ስማቸው የተጠራ ተጫዋች የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም አያ ይላቸዋል። የፊት ሁለት ጥርሳቸውን ገና ጨዋታ ላይ ጥለዋቸዋል፤ ይህንንም እንደ ሽልማት ያወሩታል። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የልጆቹን የእጅ አንጓ ብቻ ያያሉ። አንዳንዴ «ሸጋ ነው» ይላሉ። ማንበብ ስለማይችሉ እንደ መራጭ አልቆጠርኳቸውም።

ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ከሁሉ የባስኩትም እኔ ነኝ። ደብተሬን በመስመር ከፋፍዬ ሩጫ፣ ጉልበት፣ ቆራጥነት ብዬ ጽፌያለሁ። የልጆቹን ደረት በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ። አንዱ፣ «ጌታዬ፣ ኮት ሊያሰፉልን ነው?» ቢለኝ ሜዳውን ሦስት ጊዜ አስሮጥኩት። ልጁ የሜዳው ብቸኛ አስተዋይ ሰው ነበር።

ልምምዱ የሚደረገው ከአዘዞ በታች፣ እህሉ ታጭዶ ባለቀ ሜዳ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዐይኔ ከኮሶዬ መንደር በመጣ አንድ ልጅ ላይ ዐረፈ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የአንድ ፊታውራሪን በቅሎ የሚጠብቅ አሽከር ነበር። ሲሮጥ አይጣደፍም። ሩሯ ወደምትመጣበት ቀድሞ ሄዶ ይጠብቃታል፣ ከዚያ አንዴ ይለጋታል፤ ዳግመኛ የሚነካት የለም። አያ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው አዩት። እኔም በሁሉም መስመር ዐሥር ከዐሥር ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ፊታውራሪው ራሳቸው በበቅሎ መጡ፤ ልጃቸውንም ይዘው ነው። ልጁ የሸራ ጫማ ተጫምቷል፤ የወይራ ዱላው በቅቤ ታሽቶ ያብለጨልጫል። ሜዳ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ጨዋታው ሌላ ሆነ። ሩሯን ይዞ ሲመጣ ተከላካዮቹ እንደ ሠርግ አጃቢ ግራና ቀኝ ይቆሙለታል። ሲስት፣ ሩሯን መልሰው እግሩ ሥር ያደርሱለታል። ስድስት ጊዜ አገባ። ጸሐፊው «ደም ነው! ደም!» እያለ ያጨበጭባል። እኔ ሞኙ ደግሞ ሰዓቴን ይዤ ፍጥነቱን እለካለሁ።

በመጨረሻ ከኮሶዬው አሽከር ጋር ብቻ ለብቻ ተፋጠጡ። አሽከሩ ዱላውን አነሣ። ከዚያ ቀስ አድርጎ አወረደውና ፈቀቅ ብሎ አሳለፈው። ፊሽካዬን ነፋሁ። አሽከሩን በሰው ሁሉ ፊት አቁሜ «ፈሪ! ወታደር መሆን የሚፈልግ ሰው እንዲህ ይሸሻል?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ቆራጥነት ከሚለው ሥር ዐሥሩን ሰርዤ ዜሮ ጻፍኩበት፤ በቀይ እርሳስ።

አያ ጠሩኝ። «ምነው ልጄ፣ ምን አደረገህ? ለገና እኮ ዘጠኝ ቀን ይቀራል።»

«ታዲያ ቀኑ ምን አገባው፣ አያ?»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው ለዕለቱ ነው። ዛሬ የጌታውን ልጅ ቢጥለው ቤት ሲገባ ማን ያስጥለዋል? ወንድነቱን ማየት ከፈለግህ በዕለቱ እየው።»

ሳቅኩባቸው። ስፖርት ቀን አይመርጥም ብዬ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ትምህርት አስተማርኳቸው። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህን አባባል የሰማሁት እናቴ ጀርባ ላይ ሳለሁ ነው። ፊሽካው ግን ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። ጸሐፊው ዝርዝሩን በሚያምር እጅ ጽሑፉ ጻፈ፤ የፊታውራሪው ልጅ አንደኛ ሆኖ የቡድኑ አለቃ ተባለ። ከዐሥራ ሁለቱ ሰባቱ የባለ ማዕረግ ልጆች ነበሩ። አሽከሩን ከወደቁት ጋር አድርገን ለተመረጡት መጫወቻ ባላጋራ እንዲሆኑ ወሰንን።

ገና ደረሰ። ሕዝቡ ሜዳውን ከበበ፤ አገረ ገዢው፣ መኳንንቱና መቶ አለቃው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የፊታውራሪው ልጅ እንደለመደው ሩሯን ይዞ ብቅ አለ። አሽከሩ ከፊቱ አልተነሣለትም። በትከሻው ገጨው፣ ሩሯን ከእግሩ ሥር መንጭቆ ለጋት፤ ባለ ሸራ ጫማው ገለባ ውስጥ ተዘረረ። ተነሥቶ ሰው ይቅርታ እስኪጠይቀው ድረስ ቆሞ ሲጠብቅ ሩሯ ወሰኑን አለፈች። ሕዝቡ ፈነዳ። ፊታውራሪም ሳቁ፤ ወግ ነውና መሳቅ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ የእኛ ምርጦች ጉድ ሆኑ። ሰባቱ የጌታ ልጆች የለጋባቸውን ሁሉ እየተቆጡ ይመለከታሉ፤ የሚፈራቸው ግን የለም። አለቃቸው በመጨረሻ ዱላውን ጥሎ «አሞኛል» ብሎ ከሜዳ ወጣ። የወደቁት ዐሥራ ሁለት የተመረጡትን ዐሥራ ሁለት እንደ ጎመን ከተፏቸው።

ጨዋታው እንዳለቀ መቶ አለቃው ዝርዝሩን ይዞ መጣና «ያ ልጅ የታለ? ስሙ እዚህ የለም» አለኝ። «አልተመረጠም» አልኩ። ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ስህተት ካለ አሁኑኑ አርም፤ ይዤው መሄዴ ነው።» እርሳሱ እጄ ላይ ነበር። ቦታው ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን ለማስገባት አንዱን መሰረዝ ግድ ነው። የሚሰረዘው ማን እንደሆነ ያን ቀን ዕውርም ያውቀዋል። ፊታውራሪ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው ይሰሙናል። አየኋቸው፤ አዩኝ።

«ምርጫው በሥርዓቱ የተካሄደ ነው» አልኩት።

መቶ አለቃው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መኪናው ውስጥ ገባ። አያ ጋቢያቸውን አራግፈው ሰላምታም ሳይሰጡኝ ሄዱ። ጸሐፊው ብቻ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ዐዋቂ ነህ» አለኝ። ከዚያ ሰውዬ የምስጋና ቃል ማግኘት ምን ያህል ውርደት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፊታውራሪ ካረፉበት ቤት ሄድኩ። አሽከሩ ደጅ ላይ በቅሎዋን ይጭናል። አፈርኩ፤ የማደርገው ጠፋኝ፤ ቢሆንም ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበርና «ዛሬ ገብቼ ለፊታውራሪ እነግርልሃለሁ። ልጃቸው ቦታውን ይልቀቅልህ እላለሁ» አልኩት።

ኮርቻውን ጠበቅ አድርጎ አሰረና በሩን በዐይኑ ቃኘ።

«ይተዉት ጌታዬ» አለኝ በለሆሳስ። «ዛሬማ ይቆጣሉ። ምነው ትናንት በነገሩልኝ? ትናንት እኮ እርስዎንም የሚቆጣ አልነበረም።»

ፊታውራሪ ከቤት ወጡ። እሱ እርካቡን ያዘላቸው፤ እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ።